የመንገደኛ ምግብና የመንገደኛ ቀብር፤ ስለ ኢብን ባቱታ ጉዞ

ባለፉት ዓመታት በዚህች መጽሔት ላይ ስለ ሰፈራችን አመሠራረት፣ ስለ ድንኳን ግዢና ስለ መዋጮ ሲጻፍ ቆይቷል። ዘንድሮ እኛ ከሰፈር ወጣ ብለን፣ ከዛሬ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ዓለምን ስለ ዞረ አንድ መንገደኛ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። ሰውየው ኢብን ባቱታ ይባላል። «የሩቅ አገር ሰው ታሪክ ለእድር ምኑ ነው?» የሚል አባል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ይታገሠንና ያንብብ።

ታሪኩን ያገኘነው ልጃችን የጉዞ መጽሐፉን ከእንግሊዝኛው እያነበበ ክረምቱን ሙሉ በአማርኛ ሲነግረን ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው! እኛም በመዝገብ ቤት ልማዳችን ደብተር ይዘን፣ ቀኑንና ቦታውን፣ የበላውንና የጠጣውን ሁሉ ስንጽፍ ከረምን። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኢብን ባቱታ በ1304 ዓ.ም. በሞሮኮ አገር በታንጀር ከተማ ተወለደ። ወገኖቹ የእስልምናን ሕግ የተማሩ፣ ለዳኝነት የሚበቁ ሰዎች ነበሩ። እሱም ያንኑ ተምሮ በ1325 ዓ.ም.፣ በ21 ዓመቱ፣ ለሐጅ ወደ መካ ለመሄድ ብቻውን ከቤቱ ወጣ። አባትና እናቱ በሕይወት ነበሩ። ደርሶ ይመለሳል የተባለው ልጅ አገሩን መልሶ ያየው ከ24 ዓመት በኋላ ነው። የቆጠሩ ሰዎች በዕድሜው የተጓዘውን ሁሉ ደምረው ወደ 117 ሺ ኪሎ ሜትር ያደርሱታል። በእግር፣ በግመል፣ በፈረስ፣ በሠረገላና በመርከብ ማለት ነው። አውሮፕላን የለ፣ ባቡር የለ።

ገና ከአገሩ ብዙ ሳይርቅ የገጠሙት ሁለት ነገሮች ለእኛ ለእድርተኞች ቶሎ የሚገቡን ናቸው። አንደኛው እንዲህ ነው። ሚልያና በምትባለው ያሁኗ አልጄሪያ ከተማ ሁለት የቱኒስ ንጉሥ መልእክተኞች አገኘ። ሁለቱም በሐሩሩ ታመሙና አንደኛው፣ ዳኛ የነበረው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በወንዝ ዳር ዐረፈ። ልጁ አብሮት ስለ ነበር አስከሬኑን ወደ ሚልያና መልሶ ቀበረው። ይኸ ወግ ያለው ሞት ነው፤ በሰው አገር ቢሆንም ወገን አለው። ሁለተኛው ግን በቢጃያ ወደብ የሆነው ነው። አንድ የቱኒስ ነጋዴ እዚያ ሲሞት 3,000 የወርቅ ዲናር ለወራሾቹ እንዲያደርስለት ለአንድ የአልጀርስ ሰው ዐደራ ሰጥቶ ነበር። የከተማው ገዢ ወሬውን ሰማና ገንዘቡን ነጠቀ። በቃ፣ አለቀ። የሟች ልጆች ቱኒስ ሆነው አባታቸውንም ገንዘቡንም አጡ። ኢብን ባቱታ በመንገዱ ያየው የሹም ግፍ መጀመሪያው ይኸ ነው። አንባቢ ይህን የቢጃያውን ነገር ልብ ብሎ ይያዝልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ እሱም ንዳድ ያዘው። ቁም እረፍ ቢሉት እንቢ አለ፤ ከኮርቻ እንዳይወድቅ በጥምጣሙ ራሱን ከኮርቻው ጋር አስሮ ሄደ። ቱኒስ ሲደርሱ የከተማው ሰው ሊቀበል ወጥቶ ሁሉም ከየዘመዱ ጋር ይሳሳማል። እሱን ግን የሚያውቀው ስለሌለ እንደምን አለህ ያለው ሰው አልነበረም። እንባውን መያዝ አቃተው። አንድ ተጓዥ አይቶት ነው ቀርቦ ሰላምታ የሰጠውና ያጫወተው። ከገጠር መጥቶ መርካቶ አውቶቡስ ተራ የወረደ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ ማስረዳት አያስፈልግም።

መካ ደርሶ፣ ኢራቅን አይቶ፣ የመን ወርዶ፣ በ1330 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ተሻግሮ ወደኛው ጎረቤት ወደ ዘይላ መጣ። ዘይላ ያን ጊዜ የይፋት ነጋዴዎች በር ነበረች፤ ደጋውን ደግሞ ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314-1344) ይገዙ ነበር። ኢብን ባቱታ ስለ ዘይላ የጻፈው የሚያስደስት አይደለም። ገበያዋ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ከዓለም ከተሞች ሁሉ የሷን ያህል የሚሸት የለም ይላል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ የዓሣው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ደም ነው ይላል። ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ ከተማ ውስጥ ከማደር መርከብ ላይ ማደርን መረጠ። ወደ ደጋውም አልወጣም። ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ስለ እንጀራና ስለ ጠጅ ምን ይል ነበር እያልን ከልጃችን ጋር ብዙ ተከራክረናል። (እስላም ስለሆነ ጠጁን አይቀምስም፣ እንጀራውን ግን ይወደው ነበር፤ የእኛ ሐሳብ ይኸ ነው።)

ከዘይላ ዐሥራ አምስት ሌሊት በባሕር ሄዶ ሞቃዲሾ ገባ። እዚያ የተለየ ወግ አገኘ። መርከብ በደረሰ ጊዜ የከተማው ወጣቶች በትንንሽ ጀልባ እየቀዘፉ ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ የተከደነ ምግብ ይዞ ለአንዱ ነጋዴ ያቀርብና «ይኸ የኔ እንግዳ ነው» ይላል። ነጋዴውም የሱ እንግዳ ሆኖ ቤቱ ያርፋል። የሚሸጠውንና የሚገዛውን ያ ባለቤት ያስማማለታል። ኢብን ባቱታ የሕግ ሰው መሆኑ ስለ ተነገረ ዳኛው ራሱ መጥቶ ወሰደው። ምግቡን አንድ በአንድ ጽፎታል፤ እኛም እንደዚያው እንቁጠረው። በቅቤ የተሠራ ሩዝ በትልቅ የእንጨት ገበታ ይቀርባል፤ በላዩም የዶሮ፣ የሥጋ፣ የዓሣና የአትክልት ወጥ ይደረጋል። ያልበሰለ ሙዝ በወተት ተቀቅሎ ለብቻው ይመጣል። እርጎ አለ፤ በላዩ በጨው የተዘፈዘፈ ሎሚ፣ በኮምጣጤና በጨው የተነከረ ቁንዶ በርበሬ ከነዘለላው፣ እርጥብ ዝንጅብልና ማንጎ ይታከላል። እኛ ዛሬ በርበሬ የምንለው ቀዩ በርበሬ ያን ጊዜ ከአሜሪካ ገና አልመጣም። ከሞቃዲሾ ሰዎች አንዱ ብቻውን የሚበላው እኛ ብዙ ሆነን የምንበላውን ያህል ነው ብሎ ተደንቋል።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ወደ አነሣሣን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኢብን ባቱታ ከዚያ በኋላ ወደ አናቶልያ፣ ወደ ያሁኗ ቱርክ ተሻገረ። አንታልያ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ባደረ በሁለተኛው ቀን አሮጌ ልብስ የለበሰ፣ ቆብ የደፋ ሰው መጥቶ ባስተናገደው ሼህ ፊት በቱርክኛ ተናገረ። ኢብን ባቱታ ቋንቋውን ስለማያውቅ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። «አንተንና ጓደኞችህን ራት ጠርቷችኋል» አለው። ኢብን ባቱታ ድህነቱን አይቶ፣ ይኸ ድሃ እኛን ማብላት አይችልምና አናስቸግረው አለ። ሼሁ ሳቀ። ይኸ ሰው ቆዳ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ከልዩ ልዩ ሙያ የተውጣጡ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች አለቃ አድርገው የመረጡት ነው፤ ለእንግዳ ማረፊያ ቤት ሠርተዋል፤ ቀን የሠሩትን ማታ ለእንግዳ ያወጡታል ብሎ አስረዳው።

እነዚህ ሰዎች ማኅበርተኞች ናቸው። አለቃቸው አኺ ይባላል፤ በዐረብኛ «ወንድሜ» ማለት ነው፤ ከቱርክኛ «ቸር» ከሚል ቃል የመጣ ነው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። ኢብን ባቱታ አሠራራቸውን ሲገልጽ እኛ ደብተራችን ላይ ሁለት ገጽ ሞላን። የአንድ ሙያ ሰዎችና ሌሎች ያላገቡ ወጣቶች ተሰብስበው አለቃቸውን ይመርጣሉ። እሱም የእንግዳ ማረፊያ ቤት ይሠራል፤ ምንጣፍ፣ መብራትና የሚያስፈልገውን ዕቃ ያሟላል። አባላቱ ቀን በየሥራቸው ይውላሉ፤ ከቀትር በኋላ ካለው ጸሎት ሲወጡ ያገኙትን ለአለቃው ያመጣሉ። በዚያም ፍራፍሬና ምግብ ይገዛል። በዚያ ቀን መንገደኛ ወደ ከተማው ከገባ ወስደው እዚያ ያሳድሩታል፤ እስኪሄድ ድረስ የነሱ እንግዳ ነው። እንግዳ ካልመጣ ራሳቸው ተሰብስበው ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፤ ጧት ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። ልብሳቸው ረጅም ካባ፣ ጫማቸው ቦት፣ ወገባቸው ላይ ሁለት ክንድ የሚያህል ቢላዋ፣ ራሳቸው ላይ ነጭ የሱፍ ቆብ አለ። ሲቀመጡ ቆቡን አውልቀው ከፊታቸው ያስቀምጡታል። በዓለም ላይ ከነዚህ ይልቅ ለእንግዳ የሚጨነቅ ሰው አላየሁም ብሎ መስክሯል።

ላዲቅ (የዛሬዋ ደኒዝሊ) ሲደርስ የሆነው ደግሞ የሚያስቅም የሚያስደነግጥም ነው። በገበያው ሲያልፉ ሰዎች ከሱቃቸው ወርደው የፈረሶቻቸውን ልጓም ያዙ። ሌሎች መጥተው እነዚያን ተከላከሉ፤ ክርክሩ ጠንክሮ ቢላዋ መዘዙ። እንግዶቹ የሚሉት አይገባቸውም፤ ያ አገር ወንበዴ አለበት ስለ ተባለ አለቀልን፣ ዘረፉን አሉ። በኋላ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ተገኘና ነገሩ ተፈታ። ለካስ ሁለት የአኺ ማኅበሮች ናቸው፤ የአንዱ አለቃ ሲናን፣ የሌላው ቱማን ይባላል። ቢላዋ የተማዘዙት እንግዶቹ እኛ ጋ ይረፉ በሚል ነው። መጨረሻ ዕጣ ጣሉ፤ ለሲናን ወጣ። ወደ መታጠቢያ ቤት ወስደው በገዛ እጃቸው አጠቡአቸው፤ ምግብ፣ ጣፋጭና ፍራፍሬ አቀረቡ። ከዚያ ቁርኣን ተነቦ ጭፈራው ቀጠለ። ቀጥሎ ቱማን በተራው ወስዶ ከፊተኛው አብልጦ አስተናገደ።

ለእንግዳ ብሎ ቢላዋ መማዘዝ ተገቢ ነው አንልም። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ነገር ማንሣት አለብን። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ የቀን ሠራተኛ በድንገት ማረፉን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከመጣ ገና ሰባት ወሩ ነበር። እድር የለው፣ ዘመድ በከተማ የለው። ደንባችን መመዝገቢያና ወርሃዊ መዋጮ ላልከፈለ ሰው ድንኳን አይተከልም፣ ጥሩምባ አይነፋም ይላል። ዳኛችንም ደንቡን ጠበቁ፤ አንወቅሳቸውም። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ያሳለፍን ሰዎች ነን፤ መዝገብ ያልተከበረበት ማኅበር ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። አንዳንድ አባላት የሚሉትም ውሸት አይደለም፤ ላልከፈለ ሁሉ ከተተከለ ነገ ማን ይከፍላል? እንዲያም ሆኖ በዚያን ዕለት ዐሥራ አንድ ሰዎች ከየኪሳቸው አዋጥተው ሳጥን ገዝተው ቀበሩት፤ ድንኳኑ ግን ተጠቅልሎ ከመጋዘን አልወጣም። ንፍሮ የቀቀሉት ሁለት እናቶች ናቸው። ይህን የጻፍነው ማንንም ለመንካት አይደለም። የአንታልያው ቆዳ ሰፊ ከኛ አባላት ብዙዎቹን የሚበልጥ ሀብት አልነበረውም፤ የነበረው ለእንግዳ ተብሎ አስቀድሞ የተመደበ ድርሻ ነው። ለዚህም ነው ከወርሃዊው መዋጮ ላይ በሰው አንድ ብር እንኳ ለእንግዳ ይመደብ ብለን ሐሳብ ያቀረብነው። ሐሳቡ በመጪው ጠቅላላ ጉባዔ ለድምፅ ይቀርባል፤ አባላት አስበውበት ይምጡ።

ወደ ጉዞው እንመለስ። ከአናቶልያ ወደ ሰሜን ተሻግሮ የታታሮች ሜዳ ገባ። እዚያ ዳቦ አይበሉም፤ ከዳጉሳ መሰል እህል ቀጭን አጥሚት ሠርተው ሥጋ ይጨምሩበትና እርጎ አፍስሰው ይጠጡታል። የባዝራ ወተት አቡክተው ይጠጣሉ፤ ኢብን ባቱታ ቀመሰና አልጣመውም፤ ለጓደኞቹ ሰጠው። ብርዱ እንዲህ ነበር፦ ሦስት የጠጉር ካባ፣ ሁለት ሱሪ ደራርቦ ከክብደቱ የተነሣ ብቻውን ፈረስ ላይ መውጣት አቅቶት ሰዎች ያወጡት ነበር። በ1334 ዓ.ም. ገደማ ዴልሂ ገባ። የሕንዱ ንጉሥ መሐመድ ቢን ቱግሉቅ መስጠትም ማስገደልም የሚወድ ሰው ነበር፤ ኢብን ባቱታን ዳኛ አድርጎ ሾመው። ብዙ ዓመት እዚያ ቆይቶ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ቻይና ሲላክ ካሊከት ወደብ ላይ መርከቦቹ በማዕበል ጠፉ። ባሕር ዳር ላይ የቀረው ዐሥር ዲናርና የሚተኛበት ምንጣፍ ብቻ ነበር። ከዚያ በማልዲቭ ደሴቶች ዳኛ ሆነ፤ ዓሣ በጭስ አድርቀው እስከ የመንና ቻይና የሚልኩ፣ ዛጎል እንደ ገንዘብ የሚገበያዩ ሰዎች ናቸው። ቻይናም ደርሻለሁ ይላል፤ ስለዚያኛው ክፍል ግን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ፤ እኛም ስለዚህ ብዙ አንጽፍም።

በ1348 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ደማስቆ ገባ። አንድ የታንጀር ሰው አግኝቶ ስለ ቤተሰቡ ጠየቀ። አባትህ ከሞተ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ እናትህ አለች አለው። ደማስቆ ትቶት የሄደው ሕፃን ልጁም ከሞተ ዐሥራ ሁለት ዓመት እንደ ሆነው ተረዳ። መርዶ ነጋሪ ሳይመጣለት፣ ሰው ሳይሰበሰብለት፣ የሁለት ሞት መርዶ በመንገድ ላይ ማለት ነው።

ያ ዓመት ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ የገባበት ነበር። በደማስቆ በቀን እስከ 2,400 ሰው ይሞት ነበር ብሎ ጽፏል። የከተማው ሕዝብ ሦስት ቀን ጾመ፤ ከዚያ እስላሙ ቁርኣኑን፣ አይሁዱ ኦሪቱን፣ ክርስቲያኑ ወንጌሉን ይዞ፣ ሴቱ ወንዱ፣ ትንሹ ትልቁ፣ ባዶ እግሩን እያለቀሰ በአንድነት ከከተማው ወጣ። በእድራችን መስቀልም ጨረቃም አንድ ድንኳን ሥር የሚቀመጥ ስለሆነ ይህን ክፍል ልጃችንን ሁለት ጊዜ አስነብበነዋል። በ1349 ዓ.ም. ሞሮኮ ደርሶ ታዛ በምትባል ከተማ ሳለ እናቱ በዚያው ወረርሽኝ እንደ ሞተች ሰማ። ጥቂት ቀርቶት ነበር እኮ! ፌዝ ከተማ ደርሶ ለንጉሡ እጅ ከነሣ በኋላ ታንጀር ሄዶ መቃብሯን ተሳለመ።

ሰው እዚህ ላይ ያርፋል እንላለን፤ እሱ ግን አላረፈም። በ1352 ዓ.ም. የሰሐራን በረሃ አቋርጦ ወደ ማሊ ንጉሥ አገር ሄደ። ለእኛ አፍሪካውያን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚጥመው ክፍል ይኸኛው ነው። ታጋዛ በምትባል የበረሃ መንደር ቤቱ ከጨው ድንጋይ የተሠራ፣ ጣራው የግመል ቆዳ ነው፤ ዛፍ የሚባል የለም። ባሮች ጨው እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየቆፈሩ ያወጣሉ፤ አንድ ግመል ሁለት ይጭናል። በማሊ ያ ጨው ተቆርጦ እንደ ወርቅና ብር ይገበዩበታል። አሞሌ በገንዘብነት ሲያገለግል ከአባቶቻችን የሰማን ሰዎች ይህ አይገርመንም።

በመንገዱ ላይ ትልልቅ ዛፎች አየ፤ አንዱ ብቻውን ለአንድ ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ጥላ ይሆናል። የአንዳንዱ ግንድ ውስጡ ቦርቡሮ የዝናም ውሃ እንደ ጉድጓድ ያጠራቅማል፤ አንዳንዱ ውስጥ ንብ ይሰፍራል። ከአንዱ ዛፍ ሆድ ውስጥ አንድ ሸማኔ የሽመና ዕቃውን ተክሎ ሲሠራ አየና ተገረመ። በወንዙ ዳር ደግሞ ዐሥራ ስድስት ግዙፍ አውሬዎች አይቶ ዝሆን መሰሉት፤ ወደ ውሃው ሲገቡ የባሕር ፈረሶች ናቸው አሉት። ጉማሬ ነው እንግዲህ።

ምግቡ ግን አልቀናውም። ማሊ በደረሰ በዐሥረኛው ቀን ከጎደሬ መሰል ሥር የተሠራ ገንፎ ስድስት ሆነው በሉ። አገሬው ከምግብ ሁሉ አስበልጦ የሚወደው ነው፤ ስድስቱ ግን ታመሙ፤ አንደኛው ሞተ። ኢብን ባቱታ በጧት ጸሎት ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ መድኃኒት ጠጥቶ ቢያስመልሰውም ሁለት ወር ታመመ። ሲነሣ ከንጉሡ ከማንሳ ሱለይማን ስጦታ መጣልህ ተባለ። የክብር ልብስና ገንዘብ መስሎት ብድግ አለ። ሦስት ዳቦ፣ በዛፍ ቅባት የተጠበሰ አንድ ቁራጭ የበሬ ሥጋና አንድ ቅል እርጎ ነው። ሳቀ። እኛ በበኩላችን ለተነሣ በሽተኛ እርጎ መላክ የሚሳቅበት ነገር አይመስለንም። ሕንድ አገር ወርቅ ለምዶ ስለ መጣ ነው።

ነገር ግን እውነቱን አልደበቀም። የማሊን ሰዎች ከሚያመሰግንበት ነገር አንዱ ፍትሕ ማክበራቸውና መንገደኛ ያለ ሥጋት መሄዱ ነው። ሌላው ደግሞ የሚከተለው ነው። በአገራቸው እንግዳ የሞተ እንደ ሆነ፣ የቱንም ያህል ብዙ ይሁን፣ ከገንዘቡ ምንም አይነኩም፤ ከሟቹ ወገን ለታመነ አንድ ሰው ይሰጡታል፤ ወራሹ መጥቶ እስኪረከብ ድረስ በዚያ ይቆያል። የቢጃያውን ገዢ አንባቢ እንዲያስታውስ ያልነው ለዚህ ነው። ዛሬም ልጆቻችን በዐረብ አገር በሥራ ላይ ሆነው ሕይወታቸው ሲያልፍ፣ አስከሬናቸውን ለማስመጣት ወገን የሚያዋጣበትና ደመወዛቸውን ለማስመለስ ደጅ የሚጠናበት ጊዜ ስላለ፣ ጉዳዩ የሰባት መቶ ዓመት ወሬ ብቻ አይደለም።

የዚያ የቀን ሠራተኛ ወንድም ከገጠር በአራተኛው ቀን ሲደርስ፣ አከራዩ እናታችን ልብሱን፣ ሞባይሉንና በፌስታል የተቋጠረ 1,400 ብር አውጥተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው በሦስት ሰው ፊት ቆጥረው አስረከቡ። ደረሰኙን የጻፍነው እኛ ነን፤ አንዱ ቅጂ በእድሩ ሣጥን ውስጥ አለ።

ኢብን ባቱታ ከማሊ ተመልሶ፣ ሞሮኮን ይገዛ በነበረው በሱልጣን አቡ ዒናን ትእዛዝ ያየውን ሁሉ ለአንድ ጸሐፊ አስጻፈ። ጸሐፊው ኢብን ጁዘይ ይባላል፤ ሥራው በ1355 ዓ.ም. አለቀ። ማስታወሻዎቹን በመንገድ ወንበዴ ስለ ወሰደበት አብዛኛውን የተናገረው ከልቡ ነው። እንደ እኛ ጽፎ ለኖረ ሰው የኢብን ጁዘይ ድካም ቀላል አይደለም፤ የሠላሳ ዓመት ወሬ ነው የገለበጠው። ኢብን ባቱታ ከዚያ በኋላ በአገሩ በዳኝነት ሲሠራ ኖሮ በ1368 ወይም በ1369 ዓ.ም. ዐረፈ። በታንጀር ጠባብ መንገድ ላይ መቃብሩ ነው የሚባል አንድ ትንሽ ቤት ለጎብኚዎች ይታያል፤ የእርሱ ስለ መሆኑ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም።